የጠራ ውኃ ስለ ራሱ አይመሰክርም



አባቶቻችን «ውኃ ሲወስድ አሳስቆ አሳስቆ ነው» ይላሉ። ይህ አነጋገር የተነገረው ወንዝ ለሚሻገር መንገደኛ ቢሆንም፥ ዛሬ ላቀርብላችሁ ላሰብሁት ታሪክም እጅግ የሚስማማ ነው። ታሪኩ የአንድ የመስተዋት ሣጥን ታሪክ ነው። ሣጥኑ በባሕር ውኃ ይሞላል፤ በውኃውም ውስጥ የባሕር ዓሦችና ሌሎች የባሕር ፍጥረታት እንዲኖሩ ይደረጋል፤ ከዚያም በእንግዳ መቀበያ ክፍል ይቀመጣል። አውሮፓውያን አኳሪየም ብለው ይጠሩታል።

ምናልባት ከእናንተ አንዳንዱ «ይህ የትርፍ ጊዜ መጫወቻ ስለ ሆነ ምን ታሪክ አለው?» ይል ይሆናል። ነገር ግን በመሥሪያ ቤታችሁ አንድ ሰው መጥቶ «ጉዳዩ ሁሉ ደኅና ነው» ብሎ በቃል ቢነግራችሁ፥ «መዝገቡ የት አለ? በምን ተረጋገጠ?» ብላችሁ መጠየቃችሁ የታወቀ ነው። የመስተዋቱ ሣጥን ታሪክም የዚሁ ጥያቄ ታሪክ ነው። ዓሣው መናገር አይችልም፤ ውኃውም ጠርቶ ይታያል፤ እንግዲህ ውኃው ደኅና መሆኑ በምን ይታወቃል? ሰዎች ለዚህ ጥያቄ ትክክለኛ መልስ ለማግኘት ከመቶ ዓመት የበለጠ ጊዜ ወስዶባቸዋል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

በ1846 ዓ.ም. አና ቲን የተባለች እንግሊዛዊት እመቤት ከቶርኪ ባሕር ዳር ኮራል የሚባሉትን ድንጋይ መሰል የባሕር ፍጥረታት ወደ ለንደን ይዛ ተመለሰች። ለንደን ከዚያ ባሕር ዳር እጅግ ሩቅ ስለ ሆነ፥ ውኃውን በየቀኑ መለወጥ አይቻልም ነበር። ስለዚህ እመቤቲቱ አንድ ዘዴ ፈለገች። የቤት ሠራተኛዋ በየቀኑ በተከፈተ መስኮት አጠገብ ቆማ፥ ውኃውን ከአንዱ ዕቃ ወደ ሌላው ዕቃ እየገለበጠች ነፋስ እንዲያገኘው ታደርግ ነበር። ቈይታም የባሕር አረም ጨመረችበት። ፍጥረታቱም ለብዙ ጊዜ በሕይወት ኖሩ። ስሟ ያልተጻፈው ያች ሠራተኛ፥ ዛሬ በኤሌክትሪክ ኃይል የሚሠራውን የአየር መንፊያ ሥራ በሁለት ክንዷ ስታከናውን እንደ ነበር ልብ በሉ።

ከዚህ በኋላ የመጣው ሮበርት ዋሪንግተን የተባለ የኬሚስትሪ ሊቅ ነው። ይህ ሰው በለንደን በመድኃኒት ቀማሚዎች ማኅበር ቤት ይሠራ ነበር። በአንድ ዕቃ ውስጥ ሁለት ወርቅማ ዓሦችንና በውኃ ውስጥ የሚበቅል ተክል አኖረ። ዓሣው ሲተነፍስ የሚያወጣው አየር ለተክሉ ምግብ እንደሚሆን፥ ተክሉም በብርሃን ጊዜ የሚሰጠው ኦክሲጅን ለዓሣው መተንፈሻ እንደሚሆን ያውቅ ነበር። ነገር ግን የተክሉ ቅጠሎች እየበሰበሱ ውኃውን አደፈረሱት። ስለዚህ የበሰበሰውን የሚበሉ የውኃ ቀንድ አውጣዎችን ጨመረ፤ ውኃውም ጠራ። ይህንንም በ1850 ዓ.ም. ለኬሚስትሪ ማኅበር በጽሑፍ አስታወቀ። በሁለት ዓመትም ውስጥ ይህንኑ ዘዴ በባሕር ውኃ ላይ መሞከር ጀመረ። ትምህርቱም በአጭሩ ይህ ነው፦ እንስሳና ተክል በተመጣጠነ መጠን አብረው ከኖሩ፥ ውኃው ሳይለወጥ ለብዙ ጊዜ ይቈያል።

ይህ ትምህርት እውነት ነበር፤ ነገር ግን ሙሉ እውነት አልነበረም። የጐደለውን ግማሽ ዋሪንግተን ራሱ ሳያየው በ1867 ዓ.ም. ሞተ። ያንን የጐደለ ግማሽ በመፈለግ በኩል ማን ትልቅ ድርሻ እንደ ነበረው ወደ ፊት ስለምናገር፥ የዋሪንግተንን ስም በልባችሁ ያዙልኝ።

በእንግሊዝ አገር በመስተዋት ላይ የነበረው ቀረጥ በ1845 ዓ.ም. ተነሥቶ ስለ ነበር፥ የመስተዋት ዋጋ ረክሶ ነበር። በ1853 ዓ.ም. በለንደን የአራዊት መናፈሻ የዓሣ ቤት ተከፍቶ ሕዝብ ይጐርፍበት ጀመር። በሚቀጥለው ዓመት ፊሊፕ ሄንሪ ጎስ የተባለው የተፈጥሮ ተመራማሪ «አኳሪየም» የሚል መጽሐፍ አሳተመ፤ ስሙም በዚህ መጽሐፍ ምክንያት በሰፊው ታወቀ። ከዚያ በኋላ የመስተዋት ገንዳ የሌለው ቤት ከጊዜው ወደ ኋላ የቀረ እስኪመስል ድረስ ነገሩ ተስፋፋ። ሰዎች በባቡር ወደ ባሕር ዳር እየሄዱ በዓለቱ ሥር ያገኙትን ሁሉ እየለቀሙ ይመለሱ ነበር። የጎስ ልጅ ኤድመንድ፥ በ1907 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ፥ ያ ያማረ ባሕር ዳር በዚህ ለቀማ ምክንያት መራቈቱን በኀዘን ጽፎአል።

ከባሕር ዳር ተለቅሞ ወደ ከተማ የመጣው ፍጥረት ግን አብዛኛው አልኖረም። ባለቤቱ ማታ ሲተኛ ውኃው እንደ ብርሌ ጠርቶ ያየዋል፤ ጧት ሲነሣ ግን ዓሣው በጀርባው ተንሳፎ ያገኘዋል። አንዱ ሲሞት ሬሳው ውኃውን ያበላሽና ሌሎቹን ይገድላል። ሽታው ከክፍሉ አልፎ ቤቱን ሲሞላው፥ ገንዳው ወደ ጓሮ ይጣላል። በ1860ዎቹ ዓመታት ይህ ሁሉ ጉጉት እየበረደ ሄደ። የሰዎቹ ጥፋት ጭካኔ አልነበረም። ጥፋታቸው ዓይናቸውን ብቻ ምስክር አድርገው መቀበላቸው ነበር።

ለመሆኑ በጠራው ውኃ ውስጥ ዓሣውን የሚገድለው ምንድን ነው? ዓሣ የበላው ምግብ በሰውነቱ ውስጥ ሲቃጠል ከሚወጣው ቆሻሻ አብዛኛው አሞኒያ የሚባለው ነገር ነው። ይህንንም በተለይ በስንጥቡ በኩል ያስወጣዋል። የተረፈ ምግብና የበሰበሰ ሥጋም እንዲሁ አሞኒያ ይሆናል። በሰፊው ባሕር ውስጥ ይህ እንደ ኢምንት ነው፤ በአንድ ትንሽ ሣጥን ውስጥ ግን በየሰዓቱ ይጠራቀማል። አሞኒያ ቀለም የለውም፤ ጥቂት ሲሆንም አይሸትም፤ ውኃውንም አያደፈርስም። ዓሣውን ሊጐዳ የሚችለው መጠን የሰው አፍንጫ ሊያውቀው ከሚችለው እጅግ ያነሰ ነው። እንግዲህ ያ ባለቤት ዓይኑንና አፍንጫውን ሰጥቶ ቢጠብቅ እንኳ፥ ሌባው በፊቱ ሲያልፍ አያየውም ማለት ነው።

በዚያ ዘመን ከሌሎቹ ይልቅ የተሳካለት ዊልያም አልፎርድ ሎይድ የተባለ ሰው ነበር። በለንደን የመስተዋት ገንዳና የባሕር ፍጥረት ነጋዴ ነበረ፤ በኋላም በሃምቡርግ በ1864 ዓ.ም.፥ በለንደንም በክሪስታል ፓላስ በ1871 ዓ.ም. ለተከፈቱት ታላላቅ የዓሣ ቤቶች የውኃውን አሠራር አሰናዳ። ዘዴው ከሚታዩት ገንዳዎች በታች በጨለማ ውስጥ የተቀመጠ ሰፊ የውኃ ማጠራቀሚያ መሥራት ነበር። በክሪስታል ፓላስ ከምድር በታች ያለው ውኃ ለሕዝብ ከሚታየው አራት እጥፍ ያህል ነበር፤ ውኃውም በመሣሪያ ኃይል ሌሊትና ቀን ይዘዋወራል። ሎይድ መርዙን አልለካውም፤ ነገር ግን በብዙ ውኃ አቀጠነው። ይህ ዘዴ ገንዘብና ቦታ ላለው ድርጅት የሚበጅ ነው። በአንድ ክፍል ውስጥ ትንሽ ገንዳ ያለው ሰው ግን መርዙን ማቅጠን ካልቻለ ማወቅ ይኖርበታል።

እዚህ ላይ ታሪኩ ከቤት ወጥቶ ወደ ከተማው የውኃ ጉዳይ ይሄዳል። በ1856 ዓ.ም. ጁልየስ ኔስለር የተባለ ጀርመናዊ ሊቅ ከባዜቃና ከአዮዲን የተሰናዳ አንድ ፈሳሽ አገኘ። ይህ ፈሳሽ አሞኒያ ባለበት ውኃ ላይ ሲንጠባጠብ ውኃው ቢጫ ይሆናል፤ አሞኒያው ሲበዛም ወደ ቡናማነት ይደርሳል። በ1867 ዓ.ም. ዋንክሊንና ቻፕማን የተባሉ የእንግሊዝ ኬሚስቶች በዚሁ ፈሳሽ ሕዝብ የሚጠጣውን ውኃ ለመመርመር የሚያስችል ሥርዓት አወጡ። በዚያ ዘመን ለንደን በኮሌራ በሽታ ተደጋግማ ተመትታ ነበርና፥ ውኃ ውስጥ የቆሻሻ ፍሳሽ መግባት አለመግባቱን ማወቅ የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነበር። ቀጥሎም በበርተን ከተማ በቢራ ፋብሪካ ይሠራ የነበረው ፒተር ግሪስ፥ ናይትራይት የሚባለውን ሁለተኛ መርዝ በቀይ ቀለም የሚገልጥ ፈተና በ1879 ዓ.ም. አስታወቀ። እነዚህ ፈተናዎች የተፈለጉት ለዓሣ ተብሎ አልነበረም፤ ለሰው ተብሎ ነበር። ለዓሣው የደረሱለት ዘግይተው ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ጐደለው ግማሽ እንመለስ። በ1877 ዓ.ም. ሽሎዚንግና ሚንትስ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን ሊቃውንት አንድ ረጅም የመስተዋት ቧንቧ በአሸዋና በኖራ ድንጋይ ሞልተው፥ የከተማ ፍሳሽ በዝግታ እንዲወርድበት አደረጉ። ለሃያ ቀን ያህል በፍሳሹ ውስጥ ያለው አሞኒያ ሳይለወጥ ወረደ። ከዚያ በኋላ ግን አሞኒያው እየጠፋ ናይትሬት የሚባለው ነገር በምትኩ መውጣት ጀመረ። ሊቃውንቱ የክሎሮፎርም እንፋሎት በቧንቧው ውስጥ ቢያሳልፉበት ሥራው ቆመ፤ ጥቂት የአፈር እጣቢ ቢጨምሩበት ደግሞ እንደ ገና ጀመረ። በዚህም ሥራውን የሚሠራው አሸዋው ሳይሆን፥ በአሸዋው ላይ የሰፈሩ በዓይን የማይታዩ ሕያዋን መሆናቸው ታወቀ። አሸዋው መኖሪያቸው ብቻ ነበር።

ይህ ወሬ ወደ እንግሊዝ አገር ሲደርስ፥ በሮትሃምስቴድ የእርሻ ምርመራ ጣቢያ ይሠራ የነበረ አንድ ኬሚስት ምርመራውን ወዲያው ተከታተለው። ነገሩ እውነት መሆኑን ካረጋገጠ በኋላ፥ ለብዙ ዓመታት ደክሞ ሥራው በሁለት ደረጃ እንደሚፈጸም አስረዳ፦ አንደኛው ዓይነት ሕያው አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጣል፤ ሁለተኛው ዓይነት ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጣል። የዚህ ሰው ስም ሮበርት ዋሪንግተን ነው። አዎን፥ በ1850 ዓ.ም. ዓሣና ተክል በአንድ ዕቃ ውስጥ ያስማማው የሮበርት ዋሪንግተን ልጅ ነው። አባት በመስተዋቱ ውስጥ በዓይን የሚታዩትን ሦስቱን፥ ዓሣውን፥ ተክሉንና ቀንድ አውጣውን አይቶ ነበር፤ ልጅ ደግሞ በዓይን የማይታዩትን ሠራተኞች በእርሻ አፈር ውስጥ ፈልጎ አገኘ። ቀጥሎም በ1890 ዓ.ም. ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ የተባለ የሩስያ ተወላጅ በዙሪክ ከተማ ሳለ እነዚህን ባክቴሪያዎች ለይቶ ለማሳደግ ቻለ።

እንግዲህ የዚያ ዘመን ገንዳዎች ለምን እንደ ከሸፉ አሁን ግልጽ ይሆናል። አዲስ ገንዳ፥ ልክ እንደ ፈረንሳውያኑ ቧንቧ፥ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሠራተኛ የለውም። ባለቤቱ ግን በመጀመሪያው ቀን ዓሣውን ሁሉ ያስገባል። አሞኒያው ይነሣል፤ አሞኒያው መውደቅ ሲጀምር ናይትራይቱ ይነሣል፤ ሁለቱም ከወደቁ በኋላ ነው ውኃው ለፍጥረት የሚመቸው። ይህም ብዙውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይወስዳል። በእነዚህ ሳምንታት ውኃው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የጠራ ሊሆን ይችላል።

የባሕር ውኃ ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። ጎስ በ1854 ዓ.ም. የተለያዩ ጨዎችን በንጹሕ ውኃ በጥብጦ ሰው ሠራሽ የባሕር ውኃ ማሰናዳት እንደሚቻል አስታውቆ ነበር። ቻሌንጀር የተባለችው የእንግሊዝ መርከብ ከ1872 እስከ 1876 ዓ.ም. ዓለምን ዞራ ካመጣችው ውኃ፥ ዊልያም ዲትማር 77 ናሙና መርምሮ በ1884 ዓ.ም. ውጤቱን ገለጸ። የውቅያኖስ ውኃ በአንዱ ስፍራ ወፍራም፥ በሌላው ቀጭን ቢሆንም፥ በውስጡ ያሉት ዋና ዋና ጨዎች እርስ በርሳቸው ያላቸው መጠን ግን እጅግ የተቀራረበ ሆኖ ተገኘ። በአንድ ኪሎ የባሕር ውኃ ውስጥ በአማካይ 35 ግራም ያህል ጨው አለ። ስለዚህ የገንዳ ባለቤት ተንሳፋፊ በሆነ የመስተዋት መለኪያ የውኃውን ክብደት ቢያውቅ፥ የጨውን መጠን ለማወቅ ይችላል። ውኃው ሲተን ጨው አብሮ እንደማይተን ግን መርሳት አይገባም። የጐደለው በጨዋማ ውኃ ከተሞላ፥ ገንዳው ከቀን ወደ ቀን እየጨመተ ይሄዳል፤ የሚሞላው በንጹሕ ውኃ ነው።

ሌላው መለኪያ ፒ.ኤች. የሚባለው ነው። ይህንን በ1909 ዓ.ም. ያወጣው በኮፐንሃገን በካርልስበርግ ላቦራቶሪ ይሠራ የነበረው ሶረንሰን ነው። ቍጥሩ ከ7 ሲያንስ ውኃው ወደ አሲድነት፥ ከ7 ሲበልጥ ወደ አልካላይነት ያደላል፤ የባሕር ውኃ ከ8 ጥቂት ከፍ ይላል። በሚቀጥለው ዓመት ሶረንሰንና ፓሊች የባሕርን ውኃ ሲመረምሩ፥ በውኃው ያለው ጨው የመፈተኛውን ቀለም በመጠኑ እንደሚያስት ተረዱ፤ ስለዚህ ለባሕር ውኃ የተለየ ማስተካከያ አስፈለገ። ፒ.ኤች. ከአሞኒያ ጋር ያለው ግንኙነትም ብርቱ ነው። አሞኒያ በውኃ ውስጥ በሁለት መልክ ይገኛል፤ አንዱ እጅግ መርዛም፥ አንዱ ብዙም የማይጐዳ ነው። ቍጥሩ ከ7 ወደ 8 ከፍ ሲል የመርዛሙ ድርሻ ወደ አሥር እጥፍ ገደማ ይጨምራል። ስለዚህ በወንዝ ውኃ ገንዳ ውስጥ የሚታለፍ አሞኒያ፥ በባሕር ውኃ ገንዳ ውስጥ ሊገድል ይችላል።

በሃያኛው ክፍለ ዘመን እነዚህ በየስፍራው የተገኙ ፈተናዎች ተሰብስበው በአንዲት ትንሽ ሣጥን ለገበያ ቀረቡ። ዛሬ ባለቤቱ በብልቃጥ ጥቂት ውኃ ይቀዳል፤ የታዘዘውን ያህል ጠብታ ያንጠባጥባል፤ ያወዛውዛል፤ የተወሰነውን ደቂቃ ይጠብቃል፤ ከዚያም የውኃውን ቀለም ከተሰጠው የቀለም ሠንጠረዥ ጋር ያስተያያል። አሞኒያና ናይትራይት ምንም እንዳይኖሩ ያስፈልጋል። ናይትሬት በዝግታ ስለሚጠራቀም፥ ከውኃው ጥቂቱን በየጊዜው በመለወጥ ዝቅ ይደረጋል።

ሥራው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን የሰው ጠባይ ይገባበታል። ቀለሙ በሁለት ምልክቶች መካከል ሲሆን፥ የሰው ዓይን ወደሚመኘው ያዘነብላል፤ «ይህ እንኳ ደኅና ነው» ማለት ይወዳል። ጊዜው ያለፈበት መድኃኒትም እውነት መስሎ ይዋሻል። ፒ.ኤች. ሌሊት ዝቅ፥ ቀን ከፍ ስለሚል፥ አንድ ቀን ጧት ሌላ ቀን ማታ የለካ ሰው ያልተለወጠውን ተለወጠ ይላል። ስለዚህ አዋቂዎች ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት፥ በቀን ብርሃን፥ በነጭ ወረቀት ላይ አድርገው ይለካሉ፤ የተገኘውንም ቍጥር ከነቀኑ በመዝገብ ይጽፋሉ። አንድ ቍጥር ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ አሥር ቍጥሮች ተሰልፈው ሲታዩ ግን ጕዳቱ ሳይደርስ ያስጠነቅቃሉ። ይህን ለእናንተ ለመዝገብ ሰዎች ማስረዳት አያስፈልገኝም።

የመስተዋቱ ገንዳም ከሳይንስ የተቀበለውን ብድር መልሶአል። ብዙ ጊዜ ሁለተኛውን ደረጃ የሚሠራው ናይትሮባክተር የተባለው ባክቴሪያ ነው ተብሎ ይታመን ነበር። በ1998 ዓ.ም. ግን በገንዳዎች ውስጥ ይህን የሚፈጽመው በተለይ ናይትሮስፓይራ የተባለው ወገን መሆኑ ተገለጸ። በ2005 ዓ.ም. ደግሞ በአሜሪካ አገር በሲያትል ከተማ የዓሣ ቤት ከአንድ የባሕር ገንዳ ጠጠር ላይ፥ ከባክቴሪያ ወገን ያልሆነ አንድ እጅግ ትንሽ ሕያው ተለይቶ ወጣ። እርሱም አሞኒያን የሚለውጥ ሆኖ ተገኘ፤ ዘመዶቹም በውቅያኖስ ሁሉ በብዛት እንዳሉ ታወቀ። የባሕር ምሥጢር ከገንዳ ጠጠር ላይ ተገኘ ማለት ነው።

አንባብያን ሆይ፥ ይህ ነገር እኛን ምን ይመለከተናል? በአዲስ አበባ ያለ ሰው እንዲህ ያለ ገንዳ ለመያዝ ቢያስብ፥ ከተማችን ከፍ ባለ ስፍራ ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል መሆኑን ይወቅ። በዚሁ መጠን በውኃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክሲጅን ያንሳል፤ ጨው ያለበት ውኃ ደግሞ ከንጹሑ ውኃ ይልቅ ኦክሲጅን የሚይዘው በጥቂቱ ነው። ስለዚህ ለባሕር ዳር ከተማ ተብሎ የተጻፈውን የዓሣ ብዛት እንዳለ መከተል አይገባውም።

ከዚህ የሚበልጠው ጉዳይ ግን የዓሣ አይደለም። በስምጥ ሸለቆአችን ከብዙ ጕድጓዶች የሚቀዳው ውኃ እንደ መስተዋት የጠራ፥ ለጣዕምም መልካም ሆኖ ሳለ፥ በውስጡ ያለው ፍሎራይድ ከመጠን ያለፈ ስለ ሆነ የልጆችን ጥርስ ያበልዛል፤ ሲብስም አጥንትን ይጐዳል። ይህንንም ዓይን አላወቀውም፤ ምላስም አላወቀውም፤ የሚያውቀው መለኪያ ብቻ ነው። በእንግዳ መቀበያ ክፍል ያለችው ትንሽ የጠብታ ብልቃጥና ለሕዝብ የሚቀዳውን ውኃ የሚመረምረው ላቦራቶሪ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው።

የዚያ ዘመን ሰዎች ዓሦቻቸውን ይወዱ ነበር፤ ፍቅራቸው ግን አላዳናቸውም። ያዳነው ቈይቶ የመጣው፥ ሰው የሚወደውን ሳይሆን ያለውን እንዲያይ የሚያስገድደው ቍጥር ነው። መናገር የማይችል ፍጥረት በእጁ ያለ ሰው፥ ስለ እርሱ የሚመሰክርለትን መለኪያ መያዝ ግዴታው ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» የተባለውም ለእንዲህ ያለው ነገር ነውና፥ ውኃው ሲጠራ ባያችሁ ጊዜ ደስ ይበላችሁ፤ ነገር ግን ከመደሰታችሁ በፊት ለኩት።